አያቶቻችን አንድ ቤት ኖሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውስ?

የጦሳ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ሴት አያቴ ሙስሊም፣ ወንድ አያቴ ክርስቲያን ነበሩ። እማማ እና አባባ ነው የምንላቸው። ሁለቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሃይማኖታቸውን አልቀየሩም። ጓዳችን ውስጥ የሥጋ ድስት ሁለት ነበር። የአባባ የማርያም ማኅበር ተራው ሲደርስ ጠላውን ጎረቤት ይጠምቅለታል፣ እማማ ደግሞ የማያሰክረውን ቀሪቦዋን ትጥላለች። በረመዳን አባባ ቴምር ይዞ ነበር የሚገባው። አዛን እስኪል እሱም ሳይቀምስ ይጠብቃታል።

አምስት ልጆች ወለዱ። ሦስቱ በእናታቸው፣ ሁለቱ በአባታቸው ሃይማኖት ሄዱ። እናቴ ከሁለቱ አንዷ ናት።

እማማ ዓምና አረፈች። ባለፈው ሳምንት ስለ ታናሽ ወንድሜ ሠርግ ለመመካከር ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። በወሬ መሀል የአክስቴ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ "የእማማና የአባባ ጋብቻ እኮ በሸሪዓ ኒካህ አይባልም" አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ቁርአን የቀራች፣ ጨዋ፣ እማማን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመች እሷ ናት። ወዲያው የአጎቴ ልጅ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግለው፣ "በእኛም በኩል ተክሊል አልነበራቸውም" አለ። ቀጥሎም በሠርጉ ላይ ዱዓ እንዳይደረግ ጠየቀ። በእኛ ቤት ደግሞ የእማማ ወንድም ሳይመርቅና ዱዓ ሳያደርግ ተድሮ የወጣ ልጅ የለም።

እናቴ ምንም ሳትናገር ተነስታ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጥያቄዬ ስለ ሠርጉ ብቻ አይደለም። እነዚህ ሁለት ልጆች የዛሬ ሠላሳ ዓመት የቤተሰቡ ትልልቆች ናቸው። ያኔ ልጆቻቸው ይተዋወቃሉ? አንዱ የሌላውን ለቅሶ ይደርሳል? ወይስ የእኛ ቤት ታሪክ እማማ ጋር ተቀበረ?

ሰሚራ ከኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ። እማማን ጀነት ይወፍቃት። እናትህን ግን ዛሬውኑ ሄደህ አናግራት፣ ሠርጉ ይደርሳል።

ጧሊበል ዒልም

ወንድሜ፣ እኔ የሸሪዓ ተማሪ ነኝ። የአክስትህን ልጅ ሁኔታ የማውቀው ይመስለኛል፣ እኔም እዚያው ቦታ ነበርኩ።

ሕጉን በተመለከተ ያለችው ልክ ነው። ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ወይም አይሁድ ሴት ማግባት ይፈቀድለታል። ሙስሊም ሴት ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ማግባት ግን በአራቱም መዝሀቦች፣ ማለትም የሸሪዓ ሕግ መንገዶች፣ አይፈቀድም። ይህን ልሸፋፍንልህ አልችልም።

ነገር ግን ዒልም አደብ አለው። የሞቱ ሰዎች ጉዳይ ወደ አላህ ሄዷል። ልጃቸው ፊት ማንሳቱ ምን ጠቀመ? ሱረቱ ሉቅማን ላይ ወላጆችህ በአላህ እንድታጋራ ቢታገሉህ እንኳ አትታዘዛቸው፣ በዱንያ ጉዳይ ግን በመልካም ተወዳጃቸው ተብሏል። ልብ በል፣ ይህ የተባለው ሃይማኖታቸው ለተለየ ወላጆች ነው። እኔ ይህን አንቀጽ የተማርኩት ሕጉን ከተማርኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በመሀል እናቴን ብዙ ጊዜ አስለቅሻታለሁ። ልጅቷ ገና የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው ያለችው። አትራቋት።

ሥርዓት ይከበር

ሁሉም በየሃይማኖቱ ጸንቶ ይኑር። የወሎን መደባለቅ እንደ ጌጥ የምታወሩት አይገባኝም። እዚህም እዚያም የሚረግጥ ሰው የትም አይደለም። ልጆቹ እውነት ተናገሩ ተብለው ሊወቀሱ አይገባም። መዋደድ ሌላ፣ መደባለቅ ሌላ።

የጦሳ ልጅ

@ሥርዓት ይከበር፦ እማማ አልተደባለቀችም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሶላት አላለፋትም። አባባም ረቡዕና ዓርብን ሳይጾም አልሞተም። እኔ እንዲያውም የማስታውሳቸው ሁለቱም ጠንካሮች ሆነው ነው። እዚያ ላይ ተሳስተሃል።

መምህር ነበርኩ

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደሴና ኮምቦልቻ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። የምጽፈው ቅር እንዳይልህ።

እኛ ወሎዬዎች አብሮነታችንን ስናወራ የምንዘለው ነገር አለ። ከደሴ ጥቂት ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው ነበር። የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፣ በኋላም ንጉሥ። ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ታገሉ። የተሰደደ አለ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረ አለ። ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ደግሞ በግራኝ አህመድ ጦርነት ክርስቲያኑ ተገዶ ሰልሟል። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት የተገኘው በፍቅር ብቻ አይደለም። ግዴታም አለበት። የራስ ሚካኤል ልጅ፣ አቤቶ ኢያሱ፣ በ1909 በመስቀል በዓል ቀን ከሥልጣን ሲወርዱ ከክሱ ዋናው ሰልመዋል የሚል ነበር። ከሙስሊሙ ጋር መቀራረብ ዙፋን የሚያሳጣበት አገር ነበርን።

እኔ ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን አባት በጣም የተከበሩ ነጋዴ ነበሩ። እናቴ ልጅ ስትወልድ ሙክት የሚልኩት እሳቸው ነበሩ። ግን መሬት አልነበራቸውም። በዓላቸው ሲሆን ትምህርት ቤት አይዘጋም፣ ልጆቻቸው ቀርተው ይቀጣሉ። በጊዜው "በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች" ነበር የሚባሉት፣ እንግዳ ይመስል። ፍቅር ነበረ፣ እመሰክራለሁ። እኩልነት ግን አልነበረም። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ሙስሊም በሰልፍ ሲወጣ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ደስ የሚለኝ ብዙ ክርስቲያኖች አብረው መሰለፋቸው ነው። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ የአክስትህ ልጅና የአጎትህ ልጅ እንደ አያቶቻቸው አይሆኑም። እንዲሆኑም መጠበቅ የለብህም። አያቶችህ ፊደል ሳይቆጥሩ በልማድ ተከባበሩ። እነዚህ መጽሐፋቸውን ያነበቡ ናቸው። የሚመጣው ዘመን አብሮነት መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው ችሎ የሚሸከመው መሆን አለበት። "ሃይማኖቱን ካጠበቀ ይለየናል" ብለን ከፈራን ተሸንፈናል፣ ምክንያቱም ወጣቱ ማጥበቁን አይተውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት ረከቦት አለ። ሁላችንም ጎረቤት የምንጠራው በቡና ነው። የአያቴ እናት ግን ቡና አልጠጣችም። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና የእስላም ነው ተብሎ ይጠላ ነበርና። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ እየላላ የመጣው። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ቡና የጠጣ ክርስቲያን ሃይማኖቱን እንደካደ ይቆጠር ነበር። ስለ ሥጋውና ስለ ዱዓው ሳስብ ይህ ይታወሰኛል።

ሰሚራ ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። የቡናውን አላውቅም ነበር። እናቴ ስታፈላ ነገርኳት፣ ሲኒዋን ይዛ ቀረች።

ዲያቆን ከጎንደር

መምህር ያሉትን እቀበላለሁ። እኔ ግን ከታሪኩ ይልቅ በቅርቡ የሆነው ነው የሚያሳስበኝ።

በሚያዝያ 2014 ጎንደር በአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ ግጭት ተነሳ። ሰው ሞተ። መስጊድ ተጠቃ፣ ሱቅ ተዘረፈ። አብረን ያደግን ሰዎች ነን። ጥምቀት ላይ ውሃ የሚያቀብሉን፣ አረፋ ላይ ቤታቸው የምንገባ። ያን ቀን ስልኬ ላይ የነበሩት የሙስሊም ጓደኞቼ ቁጥሮች አሥራ ሰባት ነበሩ። ለስንቱ እንደደወልኩ ላሁን ይቆየኝ። ለሁሉም አልደወልኩም።

ከዚያ በቀናት ውስጥ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ጎንደር የት፣ ወራቤ የት! የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ምን እንደተደረገ የት ያውቃል? ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለው ነበር። ያኔም ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው ዋጋ የከፈለው። ድሮ ጠብ በመንደሩ ሽማግሌ ይበርድ ነበር። አሁን ወሬው በቪዲዮ ከሽማግሌው ቀድሞ ይደርሳል። ስለ ወደፊቱ ስናስብ ጎረቤትህን ማወቅ ብቻ አይበቃም። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በእኔ ስም ለሚሠራው ሥራ ምን እላለሁ? እኔ ያን ጊዜ ዝም ነው ያልኩት። አሁን ቢሆን በማግስቱ ጠዋት መስጊዱ በር ላይ እገኛለሁ፣ ከካህናቱም ጋር።

ተክሊልን በተመለከተ የአጎትህ ልጅ ሥርዓቱን አልሳተም። በቤተ ክርስቲያናችን ተክሊል ለሁለት ኦርቶዶክሳውያን ነው። ግን ዱዓው ሥርዓተ ቅዳሴው ውስጥ አልገባም። ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ሲመርቅ አሜን ማለት ሃይማኖት መቀየር አይደለም። ይህን ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት፣ በቲክቶክ አይደለም።

ሳምራዊት ሐ

ዲያቆን ስለ ቲክቶክ ስላነሳህ። ማታ ማታ እዚያ የሚደረገውን የሃይማኖት ንጽጽር ክርክር ሁለት ወር ሙሉ ተከታትያለሁ። ሃይማኖቴን ለማወቅ ብዬ ነበር የገባሁት። የተማርኩት የሌላውን ነቢይና የሌላውን ቅዱሳን መሳደቢያ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ከጎኔ የምትቀመጠውን ልጅ ሒጃቧን ሳይ ክርክሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጀምር አወቅኩት። ዘጋሁት። ከእሷ ጋር ግን ስለ እምነት ማውራት ጀመርን፣ በምሳ ሰዓት፣ ረጋ ብለን። በእኔ ስላሴና በእሷ ተውሂድ፣ በአላህ አንድነት ማለት ነው፣ አልተስማማንም። እንደማንስማማ በደንብ ገባን። ከበፊቱ ይልቅ ቅርብ ነን።

የሐዋሳ ልጅ

እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ይላል። እኛ የት ሄድን?

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ቃሉ አያስከፋኝም። በ1987ቱ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ከመቶ አሥር ገደማ ነበር። በ1999ኙ 18.5 ሆነ። ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። የወደፊቱን የሚያስብ ሰው እኛን ዘሎ ሊያስብ አይችልም።

አባቴ ሲሞት የምንኖረው አንዲት ትንሽ የሰሜን ከተማ ነበር። እድሩ ድንኳን ከለከለን። መቃብር ከለከሉን። አባቴ በዚያ እድር ለአሥራ ስምንት ዓመት ከፍሏል። ሬሳውን በኪራይ መኪና ሌላ ከተማ ወስደን ቀበርን። ድንኳን ያዋሰን አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበር። ሬሳውንም አብሮ ተሸክሞ መኪና ላይ ጫነ። እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው።

በሌላ በኩል የእኛም ሰዎች ጥፋት አለ። የሌላውን ታቦት የሚሰድብ፣ በገበያ መሀል በድምፅ ማጉያ ሰው በጅምላ የሚኮንን ሰባኪ አይቻለሁ። አፍሬበታለሁ። ግን መቃብር መከልከል ሌላ ነው። ሰው ሞቶም የት ልተኛ ይላል?

አንድ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳና የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ሁለቱም በ1971 ክረምት በደርግ እጅ ተገደሉ። ገዳያቸው አንድ ነው። ልጆቻቸው መቃብር ላይ ተጣላን።

ዲያቆን ከጎንደር

ወንድሜ የሐዋሳ ልጅ፣ ስለ አባትህ አዝናለሁ። ነፍሱን ይማር። ይህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የእኛ ሰፈር እድር ደንብ ላይ "የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ" የሚል አንቀጽ አለ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ።

ዘሃራ ወለተ ማርያም

እኔ አቡዳቢ ነኝ፣ የቤት ሠራተኛ። ከሐይቅ ነው የመጣሁት። ስትሄጂ ሙስሊም ስም ይሻላል ብሎ ፓስፖርቴ ላይ ዘሃራ ያስባለኝ ደላላው ነው። የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው። ስድስት ዓመት በሁለት ስም ኖርኩ። ጾም ሲሆን ሥጋ እያበሰልኩ ሳልቀምስ እውላለሁ፣ ማዳም አሞሻል ወይ ትለኛለች። ኋላ ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ለምን ደበቅሽኝ?" ብላ አዘነች። አሁን በፍልሰታ ምስር የምትገዛልኝ እሷ ናት። የሁሉም ሰው ዕድል እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አብራኝ የመጣች ጓደኛዬ ማተቧን በግድ አስበጥሰዋታል።

እዚህ በ2015 የተከፈተ ቦታ አለ፣ የአብርሃም ቤተሰብ ቤት ይሉታል። በአንድ ግቢ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ምኩራብ ነው። በዕረፍት ቀኔ ሄጄ አየሁት። እኔ ሳልሄድ ሦስቱን የቀላቀሉት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሦስቱም ለየብቻ ናቸው፣ በራቸውም ለየብቻ ነው። በመሀላቸው የአትክልት ቦታ አለ። ቁመታቸው ግን እኩል ነው። አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። መምህሩ እኩልነት ሲሉ ያ ግቢ ፊቴ ላይ መጣ። እዚያ ቆሜ እናቴን አሰብኳት። እሷ ግሸን ስትሄድ ውሃ የምታቀብላት ሙስሊም ጎረቤቷ ነበረች። እናቴ ይህን ብታይ "ይሄ ምን ይገርማል?" ትለኛለች።

ጧሊበል ዒልም

እህቴ ዘሃራ፣ ማተብ በግድ ማስበጠስ በእስልምና የለም። በሃይማኖት ማስገደድ የለም የሚለው የቁርአን ቃል ነው። ስለ ጓደኛሽ እንደ ሙስሊም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከናታንያ

እኛ ቤተ እስራኤሎችም በጎንደር ገጠር ጎረቤት ነበርን። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው አያቴ ነው፣ ድስቱን የምትሠራው ሴት አያቴ። ክርስቲያኑ ያርስበታል፣ ያበስልበታል። እኛ ግን ርስት የለንም። ማታ ደግሞ ቡዳ ናቸው ይባላል። እኛም በበኩላችን "አትንኩን" ብለን ከነካን ሰው ታጥበን ነበር የምንገባው። ሁለቱም ወገን አጥር ነበረው። የእነሱ አጥር ግን ርስቱን ይዞ ነው። አባቴ አሁንም ከድሮ ክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በስልክ ያወራል። በዓላችን ሲግድ ሲደርስ ይደውልለታል። መዋደዳቸው እውነት ነው። መምህሩ ያሉትም እውነት ነው።

ሥርዓት ይከበር

ከላይ የጻፍኩት ጠንከር ብሏል። @የጦሳ ልጅ፣ ስለ እማማ ያልከውን አንብቤአለሁ፣ ይቅርታ። አቋሜ ግን ያው ነው። ሃይማኖቶች ወደፊት ወደ አንድ ይመጣሉ የሚል ሰው ካለ አልቀበለውም። የሐዋሳው ልጅ አባት መቃብር መከልከሉ ግን ግፍ ነው። ሥርዓት ማክበር ማለት ያ አይደለም።

መምህር ነበርኩ

ልጄ ሥርዓት ይከበር፣ እኔም አንድ ይሆናሉ አላልኩም። ይሁኑም አልልም። ወጣቶቹ የሚፈሩት አንድ እንድንሆን እንገደዳለን ብለው ይመስለኛል። ይህን ፍርሃት ብናነሳላቸው ግማሹ ጠብ ይቀላል። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌል አማኞቹ ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኙት በ2012 ነው። ከእኔ ጡረታ በኋላ ማለት ነው! ገና መጀመራችን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ የተጻፈው ወደ እድር ደንብ፣ ወደ መቃብር፣ ወደ ቀበሌ ቢሮ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል። ሕጉ ባይወርድ እናውርደው። ዲያቆኑ ስለ እድሩ የጻፉትን አይቼ በጣም ደስ አለኝ።

የጦሳ ልጅ

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንዳንዱን ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። የመምህርን ስትሰማ "እውነት ነው፣ አባቴም ቡና ለመጠጣት ከእናቱ ተደብቆ ነበር" አለች። ይህን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ትናንት የአክስቴን ልጅ ደወልኩላት። የጧሊበል ዒልምን ጽሑፍ ላኩላት። አልቅሳ ነበር። "እኔ እኮ ለእማማ ፈርቼ ነው፣ በአኺራ ምን ይጠብቃት ይሆን እያልኩ" አለችኝ። እኔ ንቀት መስሎኝ ነበር። ማታ ማታ ለእማማም ለአባባም እኩል እንደምታስብ፣ ለአባባ ምን ማለት እንደሚፈቀድላት ኡስታዟን እንደጠየቀች ነገረችኝ። ከዚያ እናቴ ጋ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም፣ ራት አብረው በሉ።

የአጎቴ ልጅም ተጠርቶ መጣ። ዱዓው ድንኳን ውስጥ በማይክ ሳይሆን እንደ ድሮው ቤት ውስጥ፣ ሙሽራው ከመውጣቱ በፊት ይሁን ተባለ። እሱ ከበር ቆሞ ይጠብቃል፣ አሜን ማለት አለማለት የራሱ ነው። ማንም አያየውም። ጠላና ጠጁ በአንድ ወገን ይሆናል። የሙስሊሙ ወገን የራሱ በሬ፣ የራሱ አራጅ፣ የራሱ ማብሰያ ይኖረዋል። ይህ ድሮም ነበር። አዲሱ ነገር የወጪው ክፍፍል ነው። ድሮ የሙስሊሙ ጎን በአንዲት በግ ይታለፍ ነበር። አሁን እኩል ይሁን ብላ ያነሳችው እናቴ ናት።

አንድ እርዳታ እፈልጋለሁ። የሙስሊሙን ድግስ ዕቃ ለብቻው መከራየት አለብን፣ ድስት፣ ትሪ፣ ሳህን፣ ለ150 ሰው። ደሴ ውስጥ ለዚያ ብቻ የሚያከራይ ታውቃላችሁ?

ሰሚራ ከኮምቦልቻ

ሸዋ በር አካባቢ አንዲት እትዬ አሉ፣ ዕቃቸው ለሙስሊም ድግስ ብቻ ነው የሚወጣው። ቁጥራቸውን በውስጥ ልኬልሃለሁ። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ስለሚበዛ በዚህ ሳምንት ቀብድ ስጥ። ትሪው ካነሰህ የእኛ ቤት አሥር አለ።